ስኮርታ አውጥቼ ብርድ ልብስ የጫንኩበት መንገድ

ሞኝነቴን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል። ወደ ጉራጌ አገር ልነሳ ስል ስኮርታዬን፣ ያን መንገድ ላይ ጎማ ሲበላሽ የሚቀየረውን ትርፍ ጎማ፣ ከመኪናዬ አውጥቼ ደብረ ብርሃን ቤቴ ደረጃ ሥር ሸጎጥኩትና በቦታው አራት ብርድ ልብስ ጫንኩ። ጎማ ቢበርደው አለብሰዋለሁ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ምንም አላሰብኩም። ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች "አባባን ጠይቀው፣ እሱ ያውቃል" ይባባላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ የቡታጅራ ልጅ ናት። ጉራጌ ለመስቀል የትም ይሁን የት ቤቱ ይገባል፤ ይሄን እናንተም ሱቁ ሲዘጋባችሁ ታውቁታላችሁ። እሷ ልጆቹን ይዛ በአውቶቡስ ቀድማለች። ለእኔ የቀረኝ አንድ ሥራ ነበር፤ እናቷን እማማ ብርዛፍን ከወልቂጤ አንስቼ ቡታጅራ ማድረስ። እማማ የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ተገፈው ወልቂጤ በምትኖረው በትንሿ ልጃቸው በአስካለ ቤት ያገግሙ ነበር። ሐኪሙ "አይንገጫገጩ፣ አቧራ አይንካቸው፣ ማንም እንዳይገፋቸው" ብሏል። የመስቀል ሰሞን ሚኒባስ ደግሞ ሰው በሰው ላይ ነው፤ የአንዱ ክርን የሌላው ዓይን ውስጥ ነው የሚሳፈረው።

ጥሩወርቅ በስልክ የሰጠችኝ ትእዛዝ አጭር ነበር። "እማዬን ለደመራ ቤቷ አድርስልኝ። በዕድሜዋ መስቀልን ከቤቷ ውጭ አክብራ አታውቅም። ደግሞ ስኮርታውን አስነፋ።"

የመጀመሪያውን ሰማሁ። ሁለተኛውን ስትናገር ብርድ ልብስ እየመረጥኩ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

ለመስቀል አራት ቀን ሲቀረው በማለዳ ከደብረ ብርሃን ወጣሁ። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ጋቢ በኮት ላይ፣ ኮት በሹራብ ላይ ደርቤ መሪውን የያዝኩት በጓንት ነው። አዲስ አበባን እንደ ዕዳ ከፋይ አንገቴን ደፍቼ አለፍኳት። ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ነው፤ በየከተማው አንድ አንድ ልብስ አወለቅኩ። ሰበታ ላይ ጋቢውን፣ ቱሉ ቦሎ ላይ ኮቱን፣ ወሊሶ ምሳ ስበላ ሹራቡን። ወልቂጤ ስገባ በሸሚዝ ቀርቼ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ኋላዬ ግን አራት ወፍራም የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ተደርድሮ ተቀምጧል። በእኛ አገር ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም፣ ብርድ ልብስ ደግሞ የማይጠቅመው ሰው የለም ብዬ ነበር። ያን ያልኩት በብርድ ላይ ሆኜ ነው።

ወልቂጤ የባጃጅ አገር ናት። እኛ ጋ ባጃጅ ጥጉን ይዞ ይሄዳል፤ እዚህ መንገዱ የአባቱ ነው። አንዱ ከጎን ብቅ ሲልብኝ ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩና የፊት ቀኝ ጎማዬ ከቦዩ የሲሚንቶ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። "ጓ!" አለ። ጥርሴ ሁሉ ተንቀጫቀጨ።

ባለ ባጃጁ አንገቱን አውጥቶ "ፋዘር፣ ተረጋጋ!" አለኝ።

ተረጋጋሁ። ወርጄ አላየሁም። ባይ አውቅ ነበር፤ ማወቅ ደግሞ ሥራ ያመጣል። ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ ወደ አስካለ ቤት ነዳሁት።

አስካለ ገና በሩ ላይ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ ጠበቀችኝ። ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ ቀረበ። እኛ አገር እንግዳ "ብላ" ሲባል ትንሽ ይግደረደራል፤ እዚህ መግደርደር ጊዜ ማባከን ነው፤ እየተግደረደርክ ሳህንህ ይሞላል። እማማ ብርዛፍ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው፣ ቀኝ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ፣ በግራው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ከስተሃል" አሉኝ። ሁልጊዜ ነው የሚሉት፤ ሆዴ ደግሞ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው።

ብርድ ልብሶቹን ሳወጣ አስካለ ሳቋን አፈነች። እማማ አላፈኑም። "ወልቂጤ ላይ? ልጄ፣ ከሕመሙ የተረፍኩትን በሙቀት ልትጨርሰኝ ነው?"

"ቡታጅራ ያስፈልግዎታል እማማ።"

"ቡታጅራ ተወልጄ ነው ያረጀሁት።"

አንዱን ለአስካለ ሰጠሁ። አጣጥፋ የሶፋ መደገፊያ አደረገችው። ሦስቱን መልሼ መኪናው ውስጥ አስገባሁና ያኔ ነው ስኮርታው የነበረበትን ባዶ ቦታ ያየሁት። "ነገ ምን ይሆናል፣ እስከ ዛሬ ምን ሆነ?" ብዬ ዘጋሁት።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት እማማ ግቢ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔ መስታወት እወለውላለሁ።

"ይሄ መኪናህ ጫት መቃም የጀመረው መቼ ነው?" አሉኝ።

"እንዴት እማማ?"

"ጉንጩን እየው እንጂ።"

ዞሬ አየሁ። የፊት ቀኝ ጎማዬ ጎን ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቷል። ልክ ናቸው፤ በአንድ ጉንጩ ጫት የወተፈ ሰው ነው የሚመስለው። ትናንት ሁለት ዓይኔን ከፍቼ ያላየሁት አንድ ዓይን ተሸፍኖ ታየ።

እኛ አገር ጎማህ ቢበላሽ ሰው እጁን ኮቱ ውስጥ እንደከተተ "እግዚአብሔር ይርዳህ" ብሎ ያልፋል፤ ብርዱ አያስቆመውም። ወልቂጤ ግን አየሩም ሰውም ለስብሰባ የተመቸ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በጎማዬ ዙሪያ ሸንጎ ተሰየመ። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ሳህሌ የሚባሉ፣ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ጎረቤት ናቸው። ተንበርክከው እብጠቱን፣ ሐኪም የልጅ ሆድ እንደሚነካው፣ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

"ጎኑ ነው" አሉ። "መንገድ የሚነካው ፊቱ ላይ ሚስማር ቢሆን ኖሮ ይደፈን ነበር። ጎን ግን አይጠገንም። ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል፤ አሁን ነፋሱን የያዘው ላዩ ላስቲክ ብቻ ነው።"

"ያደርሰኛል ጋሼ?"

"ያደርስሃል። የት እንደሚያደርስህ ነው ያልታወቀው።"

አንድ ባለ ባጃጅ ጎንበስ ብሎ አየና "ፋዘር፣ አታካብድ" አለኝ። "እኔ በእንደዚህ ዓይነት ጎማ ሦስት ወር ሠርቻለሁ።"

"ባጃጅህ የታለች?" አሉት ጋሽ ሳህሌ።

"ጋራዥ ናት።"

ከፊት ለፊት ባለ ሱቅ የሆኑት ሐጂ ሸምሱም ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ መጡ። ሱቃቸው በር ላይ የእኔዋ መንትያ የሆነች ነጭ ዲኤክስ መኪና ቆማለች። ጎማውን አዩት፣ በፋሻ የታሰሩትን እማማን አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡና ተመልሰው ሱቃቸው ገቡ።

ጎሚስታ ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቤት ተቆልፏል፤ በሩ ላይ በእስኪሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ "ለመስቀል አገር ቤት ገብተናል። እንኳን አደረሳችሁ።" ሁለተኛውም ተቆልፏል። አዲስ ጎማ የሚሸጠው ሱቅም ተቆልፏል። ደብረ ብርሃን በገና ዕለት ጎሚስታውን ከቤቱ ብትጠራው አጥንት እየጋጠ ይመጣል። እዚህ መስቀል ሲሆን ሰውዬው ከነቁልፉ ገጠር ነው። ደጅ ለደጅ ስዞር ቆይቼ አንድ ክፍት አገኘሁ። እስላም ነው፤ የእሱ አገር መግቢያ አረፋ ነው። አስካለና እማማ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል።

"ጎን አልጠግንም" አለኝ ገና ሳያየው። "በቁጥርህ የሚሆን ጎማ ደግሞ የለኝም። ይሄን ይዘህ የትም እንዳትሄድ።"

"ግን የግድ ብሄድስ?"

"የግድ ከሄድክ ወደ ኋላ አዛውረው። ፊት ላይ ቢፈነዳ መሪው ከእጅህ ይወጣል። ከሃያ፣ ሠላሳ እንዳታልፍ። ግን አትሂድ እያልኩህ ነው።"

አዛወረልኝ። መኪና ውስጥ ስገባ እማማ "ምን አለ?" አሉኝ።

"ቀስ ብለህ ሂድ አለ" አልኩ።

ውሸት አይደለም'ኮ። ብሏል። ከሁለት "አትሂድ" መካከል ነው ያለው እንጂ።

ሰው የሚፈልገውን ምክር እስኪያገኝ ድረስ ነው የሚጠይቀው። ያን ቀን ሰባት ሰው ጠየቅኩ። አምስቱ "አይሆንም" አሉ። አንዱ፣ ባጃጇ ጋራዥ ያለችው፣ "ይሆናል" አለ። አንዷ አሮጊት "እሱ ያውቃል" ብለው ወደ ሰማይ አሳዩኝ። እኔ የእግዚአብሔርን ድምፅ ለራሴ ቆጠርኩና ሁለት ለአምስት አደረግኩት። ያም ቢሆን ተሸንፌያለሁ፤ ግን ከጥሩወርቅ ጋር በስልክ ከማወራ መንገዳችን ላይ ያለውን የዘቢዳር ተራራ መጋፈጥ ቀለለኝ።

"እማማ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" አልኳቸው አስካለን ቤቷ አውርደን ልንነሳ ስንል።

"እኔ ምን አውቃለሁ። ሐኪሙ ስለ ዓይኔ የነገረኝን ነው የማውቀው፤ 'ላዩን ሲያዩት ደህና ነው፣ የተበላሸው ከውስጥ ነው' አለኝ። ሹፌሩ ግን አንተ ነህ።" ነጠላቸውን አስተካክለው ከጎኔ ተቀመጡ።

እመኑኝ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሃያ ነዳሁ። ጋሪ አለፈን። ፈረሱ ዞሮ ያየኝ መሰለኝ። ጉብሬን አልፈን ወደ አታት ስንወርድ በየአሥር ደቂቃው እየቆምኩ ጎማውን አያለሁ፤ ተመልሼ ስገባ እማማ ይጠይቁኛል።

"አሁን ምን አክሏል?"

"ሎሚ።"

ትንሽ ሄድን። ወረድኩ፣ አየሁ፣ ገባሁ።

"አሁንስ?"

"ብርቱካን።"

"እንግዲህ ፓፓያ ሳይሆን ቁም" አሉ።

አታት ሆስፒታሉ ጋ ልንደርስ ስንል ነበር። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ጀፎረ የሚሉት፣ በእንሰት አጥር መካከል የተዘረጋ ሰፊ የመንደር የሣር ሜዳ አለ። እዚያ አስገብቼ ሞተሩን አጠፋሁ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሣር ቢኖር በጎቻችን አንድ ሳምንት አያቆዩትም ነበር፤ እዚህ ተቆርጦ የተደለደለ ምንጣፍ ነው የሚመስለው። ጎማውን ነካሁት። ይፋጃል። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ወደ ጉመር ዳገት፣ ከዚያ የዘቢዳር ቁልቁለት ነው። ከጎኔ ያሉት ሴት ደግሞ ሐኪም "አይንገጫገጩ" ያላቸው ናቸው። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ጎሚስታው አትሂድ ነው ያለኝ።"

"አውቄያለሁ። የተሸፈነው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን ተሳፈሩ?!"

"አንተን ሰው ነግሮህ አትቆምም፤ ፈርተህ ነው የምትቆመው። ፈሪ መሆንህን ደግሞ ልጄን ካገባህ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ፈሪ ባትሆን ኖሮ ወልቂጤ እቀር ነበር።" "መስቀልን ቤቴ ነው የማከብረው" አሉ። "ግን ቤቴ መድረስ አለብኝ። ደውልላት ለአስካለ።"

ደወልኩ። አስካለ "ቁጭ በሉ፣ እንዳትንቀሳቀሱ" ብላ ዘጋችው።

ቁጭ አልን። ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ አንድ ባጃጅ እየተንገዳገደ ወደ ጀፎረው ገባ። ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ተሳፋሪ ነበር፤ ሐጂ ሸምሱና አንድ ጎማ። ጎማውን እንደ ልጅ አቅፈውታል፤ ነጭ ጀለቢያቸው በጥቁር ተለቅልቋል።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ። "እማማ፣ ደህና ነዎት? ዓይንዎ አቧራ አልነካውም?"

ጎማው አዲስ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥርሱ ገና አልተበላም፤ ከነቸርኬው ነው። ከየት እንዳመጡት ገባኝ።

"ሐጂ፣ መኪናዎስ?"

"ድንጋይ ላይ አቁሜያታለሁ። የት ትሄዳለች? እኔ አገሬ የምገባው ለአረፋ ነው። የአምናው አልፏል፣ የሚመጣው ገና ሩቅ ነው። አሁን የእናንተ ተራ ነው።"

"ስኮርታዎን ቢሰጡኝ'ኮ ይበቃኝ ነበር።"

"ስኮርታዬ ከዚህ ካበጠው ጎማህ የባሰ ነው" ብለው ሳቁ። "እናት የምትሳፈርበት ላይ እሱን ልሰጥህ?"

አፈርኩ፤ አፍሬም ዝም አላልኩ። "ታዲያ ጠዋት ጎማውን አይተው ለምን ዝም ብለው ሄዱ?"

"ምነው ወንድሜ፣ አንተ መች ጠየቅኸኝ? ሰዉን ሁሉ 'ያስኬደኛል ወይ?' ትላለህ። 'የሚሆነኝ ጎማ ያለው ሰው አለ ወይ?' ብለህ ማንን ጠየቅህ? እኔ ቡሎን መፍቻ ፍለጋ ነው የሄድኩት። ይዤ ስወጣ አንተ የለህም፤ የት እንዳለህ ያወቅኩት አስካለ ስትነግረኝ ነው።"

ይሄን ሲሉ ባለ ባጃጁ ሲስቅ አየሁት። አወቅኩት። ትናንት "ፋዘር፣ ተረጋጋ" ያለኝ ሰውዬ ነው። "ነግሬህ ነበር'ኮ" አለኝ።

ክሪኩ ለስላሳው ሣር ውስጥ ሰመጠ። ከመንደሩ ጣውላ ይዘው የመጡት ሴት እትዬ ደስታ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከጀፎረው ዳር ነው። ጣውላውን ከሥሩ አደረግን፣ መኪናዋ ተነሳች፣ ሐጂ ራሳቸው ተንበርክከው ቡሎኑን አጠበቁ። እኔ ለማገዝ አንድ ቡሎን ይዤ ነበር፤ ወደቀብኝ፤ ሣሩ ውስጥ ለመፈለግ አራት ሰው ወረደ።

ሥራው ሲያልቅ እትዬ ደስታ ማንንም አላስኬዱም። በመስቀል ሰሞን ከመስቀል በፊት የጎመን ክትፎ የሚበላበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ነበር። ጎመኑ ደቅቆ ተከትፎ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ታሽቶ፣ አይብ ከጎኑ፣ ቆጮው ከሥሩ። እኛ ጋ ጎመን የጾም ነው፤ የድሃ ወጥ ነው፤ እዚህ ጎመን ልዑል ሆኖ ተቀብቶ ይመጣል። ሥጋ የሌለበት ቀን በመሆኑ ሐጂም ያለ ሐሳብ እጃቸውን ታጥበው ከእኛ ጋር ቀረቡ። ቢላዋ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። "ቀኑን አውቃችሁ ነው ጎማችሁን ያበላሻችሁት" አሉ እትዬ ደስታ።

ሐጂና ባጃጁ ተመለሱ። እኛን ግን "ተራራው በቀን ነው የሚታለፈው" ብለው እትዬ ደስታ አሳደሩን። ሁለተኛውን ብርድ ልብስ ለእሳቸው ሰጠሁ። እኚህ አልሳቁም፤ ወዲያው ዘርግተው በእጃቸው ዳሰሱትና "ይሄ ነው ሰው!" አሉ። ከደብረ ብርሃን ከወጣሁ መጀመሪያ የተከበርኩት እዚያ ነው።

ሦስተኛው ቀን

በጠዋት እምድብርን አልፈን ወደ ጉመር ወጣን። መንገዱ አንዳንድ ቦታ አስፋልት፣ አንዳንድ ቦታ ኮረኮንች ነው፤ በኮረኮንቹ ላይ እንደ እንቁላል ነጋዴ ነዳሁ። ከፍ እያልን ስንሄድ መስኮቱን ዘጋሁ። ሸሚዜ ላይ ሹራብ፣ ሹራቡ ላይ ኮት ደረብኩ። ጉም ወረደ። በጉሙ ውስጥ የገብስ ማሳ ታየኝ፤ እውነተኛ ገብስ! ከእንሰቱ ጎን። አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ሰዉም ልክ እንደኛ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ነው የሚሄደው። እንሰቱ ባይኖር "ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ደረስን" ብዬ እወርድ ነበር።

እማማ ብርዛፍ ከጎኔ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ትንሽ ቆዩ። መልሰው ሰበሰቡ።

"ልጄ" አሉ።

"አቤት እማማ።"

"ያን ነገርህን አምጣው።"

"የትኛውን ነገር?"

"አታድክመኝ። ብርድ ልብሱን።"

መኪናውን አቁሜ በክብር አለበስኳቸው። ከአንገታቸው እስከ እግራቸው ተጠቀለሉ፤ ነጭ ፋሻቸውና አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ተመልሼ መሪውን ስይዝ ፊቴን በመስታወት አየሁት፤ ሎተሪ የወጣለት ሰው ፊት ነበር።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ዘቢዳርን የማታውቁት እዚህ ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት አስቡት። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ገደሉ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ነው። በአንደኛ ማርሽ ወረድኩ። ፍሬኑ ሲሸተኝ ቆሜ አሳርፋለሁ፤ ወርጄ አራቱን ጎማ በእጄ እዳስሳለሁ። አራቱም ቀዝቃዛ ናቸው።

"እንዴት ነው?" ይላሉ እማማ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

"እንደ ሐጂ ነው እማማ። ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራል።"

በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ያ ብርቱካን ይታየኛል። እዚህ ጋ ፓፓያ ይሆን ነበር፤ እዚያ ጋ ይፈነዳ ነበር እላለሁ። ሲያልፍ ደግሞ ሳቄ ይመጣል፤ ያለ ምክንያት ብቻዬን እስቃለሁ። እማማ አንዴ "ምን ሆነሃል?" አሉኝ። "ምንም አልሆንኩም፤ ምንም አለመሆኔ ነው የሚያስቀኝ" አልኳቸው። እሳቸውም በብርድ ልብሱ ውስጥ ሆዳቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ቡታጅራ ከሥራችን ተዘርግታ ስትታይ ቆርቆሮዎቿ በፀሐይ ያበራሉ። ሙቀቱ መልሶ መጣ። እማማ ብርድ ልብሱን ቀስ ብለው አወለቁና አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ለሌላ ሰው እንዳልሰጥባቸው ይመስለኛል።

ደመራ ሊደመር አንድ ቀን ሲቀረው ቤታቸው በር ላይ አቆምኩ። በእግራቸው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ገቡ። የበሩን መቃን በእጃቸው ዳሰሱት። ጥሩወርቅ እናቷን አገላብጣ ስማ፣ ፋሻውን አይታ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ስኮርታውን አስነፋህ?"

አፌን ከፈትኩ። እማማ ብርዛፍ ቀደሙኝ። "የጎማ ነገር ይቅር። ደርሻለሁ'ኮ፤ ምን ፈለግሽ?"

በሃያ ሦስት ዓመት ትዳሬ ከአማቴ ያገኘሁት ትልቁ ስጦታ ይሄ ነው። ጥሩወርቅ ግን ከአስካለ ጋር ስትደዋወል እንደነበረች ማታ ራት ላይ ተረዳሁ። ለክትፎ ስል ሁሉንም ስድብ ተቀበልኩ።

ከመስቀል ማግሥት በኋላ

ስለ በዓሉ ብዙ አልልም፤ አፌ ሙሉ ስለነበር ብዙ አላየሁም። በዓሉ ሲያልፍ ያበጠውን ጎማ ይዤ ቡታጅራ ጎሚስታ ቤት ሄድኩ። አዲስ ጎማ ገዛሁና "እስቲ ይሄን ቅደደውና ውስጡን አሳየኝ" አልኩት። በቢላ ቀደደው። ጋሽ ሳህሌ ያሉት ልክ ነው፤ ክሩ እንደ አሮጌ ገመድ ተበጣጥሶ ተንጨባሯል። ላስቲኩ እብጠቱ ላይ እንደ ወረቀት ሳስቷል።

"በዚህ በየት በኩል መጣህ?" አለኝ።

"እስከ አታት ብቻ ነው። በዘቢዳር ልወርድበት አስቤ ነበር።"

ጎሚስታው ጎማውን አየ፣ እኔን አየ። "አልሐምዱሊላህ በል" አለኝ። አልኩ። ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ያን ሰዓት በተገኘው ቋንቋ ነው የሚመሰገነው።

የሐጂን ጎማ ላስረክብ እኔ ብቻዬን በዚያው መንገድ ወደ ወልቂጤ ተመለስኩ። ነጯ ዲኤክስ በአንድ እግሯ ድንጋይ ላይ ቆማለች፤ ከሥሯ ዶሮ ተኝታለች። ሐጂ ዶሮዋን "እሽ" ብለው አስነሱና ጎማውን ገጠምነው። ሦስተኛውን ብርድ ልብስ እማማ ስለወረሱት የቀረኝ አንድ ነበር። ሰጠኋቸው። ግንባራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ "ወልቂጤ ላይ ብርድ ልብስ?" አሉ። ከዚያ አሰብ አደረጉና "ግድ የለም፤ ለአረፋ ስገባ ይጠቅመኛል፤ አገሬ ደጋ ነው" ብለው ተቀበሉኝ።

ደብረ ብርሃን ስገባ ሻንጣዬን ሳላወርድ ደረጃው ሥር ሄድኩ። ስኮርታዬ እንደተውኩት አለ። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ እንደ ሊጥ ገባ። ጎኑ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፤ በዕድሜ ከመጀመሪያ ልጄ የሚበልጥ ይመስለኛል። ይሄን ይዤ ቢሆን ኖሮ ወልቂጤ ላይ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ጎሚስታ ሳልፈልግ፣ ነፋስ ሞልቼ፣ እያፏጨሁ ገጥሜው እማማን አስቀምጬ ወደ ዘቢዳር እወርድ ነበር። ብርድ ልብሱ ነው ያዳነን! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞኝነቴ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ይሄን ዜና ለማን ልንገር? ጥሩወርቅ አትሆንም። ለእማማ ብርዛፍ ደወልኩ። ፋሻቸው ተፈቷል፤ አሁን በሁለቱም ያያሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደረጃውን፣ ስንጥቁን፣ ብርድ ልብሱ እንዴት እንዳዳነን። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ፣ እኔ በአንድ ዓይን ያየሁትን ጎማ አንተ በሁለት ዓይንህ ካላየኸው፣ ለከርሞ መስቀል በአውቶቡስ ና። ብርድ ልብሱን ግን እንዳትረሳ፤ እህቴም ፈልጋለች።"